ሽቦ ላይ የተሰጣ መጽሐፍ

ፍኖተ ሰላም፣ ቅዳሜ፣ ከገበያው ጀርባ፣
ከጋሽ አያልሰው ሱቅ ስገባ፣
ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ የጠመኔ ሽታ፣
የተከመረ ነገር፣ መቆሚያ የሌለው ቦታ።

«ለማን ነው?» አለኝ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።
«ለልጄ።»
«ስንተኛ ክፍል ናት?»
አፈርኩ፤ ቃሌ ቀረ ተንጠልጥሎ።
«ገና ሁለት ዓመት ከአምስት ወር፤
ፖፖ ላይ መቀመጥ... እሱን የሚያስተምር።»

የሚስቅ መሰለኝ። አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ
ካርቶን ጎተተ፤ ሦስት አወጣ፣ አቧራቸውን ጠርጎ ጥሎ።

አንደኛው የፈረንጅ ነው፤ ወረቀቱ ያበራል፤
ነጭ ሸክላ መቀመጫ፤ ቁልፉን ሲጫኑት ውሃ ይወርዳል፤
ልጁ ምንጣፍ ላይ ቆሞ ያጨበጭባል።
የኛ ከጓሮ ነው፣ ከኮባው አጠገብ፤
በር የለውም፣ ጆንያ ነው፣ በነፋስ የሚርገበገብ።
ናርዶስ ይህን አይታ «የት አገር ነው?» ብትለኝ
ምን እላታለሁ? እስቲ ማን ይንገረኝ።

ሁለተኛው በአማርኛ፣ ቀለሙ ደማቅ፤
አልጋው ላይ የሸና ልጅ፣ ሰፈሩ ሲስቅ፤
ገጽ አሥር ላይ ጅብ መጥቶ ጥርሱን ያገጥጣል፤
«የሚሸና ልጅ ሥጋው ይጣፍጣል!»
ይላል።
እዚያው ላይ ከደንኩት።
አንድ የድሮ ሽታ አፍንጫዬ ገባ፤ ዐወቅሁት።

የበግ አጎዛ ነው።
እኔ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ጂጋ፣
የአጎቴ ቤት አጥር፣ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ስትወጋ፤
ሸንቼበት ያደርኩት አጎዛ ግራሩ ላይ ተሰቅሎ፣
የሰፈሩ ልጅ ይሰበሰባል፣ «ካርታውን እዩ!» ብሎ፤
«ይቺ ዓባይ ናት፣ ይሄ ጣና፤
ነገ ደግሞ ሌላ ይሥላል ገና!»
ዛሬ መሬት የምለካው፣ ሜትር ጎትቼ ከሜዳ ሜዳ፣
ያኔ ይሆን የጀመርኩት? እንጃ።
ያ አጎዛ ግን አለብኝ፣ እንደ ዕዳ።

ሦስተኛው ጥጉ የተላጠ፤ ሽፋኑ ላይ ጉማሬ።
ዋጋው ሁለቴ ተሰርዟል፤ የተጨመረው ዛሬ።
ጉማሬዋ ልትቀመጥ ስትል ፖፖው ጠበባት፤
ቁጭ አለች፣ ምንም የለም፤ ተነሳች፣ መጣባት።
እናቷ አትቆጣም። ጨርቅ ታመጣለች፤
አብረው ይወለውላሉ፤ ጉማሬዋ ትዘፍናለች።
የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ፣ ተሳካላት ይሆን ብዬ፤
አሁንም ወለሉ ረጥቧል!
ሳቅሁ። ከፍዬ ወጣሁ፣ ተቻኩዬ።

ይመኙሻል ቤት ውስጥ አገላብጣ፣ አገላብጣ፣
«አልተሳካላትም እኮ! ከዚህ ምን ቁምነገር ሊወጣ?»
«አላፈረችም እኮ» አልኳት።
ዝም አለች።
የራሷ አጎዛ ሳይኖራት አይቀርም፤ አልጠየቅኋትም፤
ሽንኩርቷን ከተፈች።

አሥራ ሁለት ቀን ናርዶስ ፖፖዋ ላይ ሆና አነበበች፣
መጽሐፉን ዘቅዝቃ ይዛ፣ እግሯን እያወዛወዘች።
ፖፖው ደረቅ። ተነስታ፣ ከበሩ ኋላ፣ «ሽሽ!»
ከዚያ «አባ፣ ጨርቅ!» እያለች ዘፈነች።
ከመጽሐፉ ያንን ብቻ ነው የተማረች።

በአሥራ ሦስተኛው ማለዳ መጽሐፉን ፖፖው ውስጥ አጋደመች፤
«ተራሽ ነው» አለቻት ጉማሬዋን።
ጠበቀች።
ጠበቀች።
«አባ፣ እምቢ አለች! ላሳያት?»
መጽሐፉን ሳታነሳ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠች፤
አንዴ ጣራውን፣ አንዴ እኔን አየች፤
ከዚያ ያ ድምፅ፣ እንደ ጥቅምት ምንጭ የቀጠነ፣
ካርቶን ላይ፣ ጉማሬ ላይ፣ በእውነት የሆነ።
ዓይኗ ሰፋ።
እኔም የምለው ጠፋ።

አጥቤ ሰቀልኩት ሽቦው ላይ፣ በልብስ መቆንጠጫ፣
ከትንሿ ቀሚስና ከኔ ካልሲ መሀል፣ ፀሐይ መምጫ።
እትዬ ጥሩዬ ከአጥሩ ወዲያ አንገታቸውን አስግገው፣
«መጽሐፍ ታጥቦ ይሰጣል እንዴ? ምን ነካው?»
«ልጄ ሸናችበት» አልኩ።
ጮክ ብዬ።
ናርዶስ ከኋላዬ፣ እጇን አውጥታ፣
«እኔ ነኝ!» አለች፣ ደረቷን ነፍታ።

ነፋሱ ገጹን ገለጠው፤ አንዲት ቢጫ ካርታ፤
ዓባይም አይደለች፣ ጣናም፤
ስም የሚያወጣላት ልጅ አጥሩ ስር አልቆመም፤
ወንዟ የት እንደሚደርስ ገና አልታወቀም።